ቁልፍ ተረክበሃል፣ ሰው ግን አልተረከብህም

መስከረም ላይ የሹመት ደብዳቤህን ይዘህ መጣህ። ከቀድሞው ርዕሰ መምህር ማኅተሙን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ፣ የሞዴል 19 ጥራዙን፣ የወንበሩንና የጥቁር ሰሌዳውን ብዛት ቆጥረህ፣ ፈርመህ ተረከብህ። እግሩ የተሰበረውን ጠረጴዛ እንኳ ሳታስመዘግብ አላለፍክም። መጠንቀቅህ ያስመሰግንሃል። ይኸው ጥር ገብቷል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ካሉት ቤቶች የስንቱን ደጃፍ ረገጥክ? የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ባለፈው ወር እናቷ የሞተችባት የሦስተኛ ክፍል ልጅ የትኛዋ ናት? ለቅሶ ደርሰሃል?

ይህን የምጽፈው በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ላይ ለተሾማችሁት፣ ለአንተና ለመሰሎችህ ነው። ስም አልጠራም፤ ሲያነብ ፊቱ የሚቀላው ራሱን ያውቃል። ሰውን ሰው ብለው፣ ከሕዝቡ ጋር በልተው ጠጥተው፣ ልጆቹን በስም ጠርተው የሚያስተምሩ ርዕሰ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። ተግሣጹ እነሱን አይነካም፤ እነሱም ለእኛ ተጻፈ ብለው አይቀየሙም።

ጥፋትህን አንተ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «ከኅብረተሰቡ ጋር ተቀናጅቶ በመሥራት ረገድ ውስንነት ታይቷል» ብለህ አልፈኸዋል። «ታይቷል» ስትል ደግሞ ከሰማይ የወረደ አስመሰልከው፤ ያደረገው ሰው የለም። እኔ ግን አድራጊውንም ድርጊቱንም ልጥራው፦ አንተ ነህ፣ ያደረግኸውም ንቀት ነው። ልጁን ስትፈልግ አስጠርተህ፣ የአባቱን ገንዘብ ስትፈልግ አባቱን አስጠርተህ፣ አንተ ግን ወደ አንዳቸውም ሳትሄድ አራት ወር ሙሉ ከተቀመጥክ፣ እንደማያስፈልጉህ በግልጽ ነግረሃቸዋል። እነሱም ሰምተውሃል። የወሎ ሰው ጨዋ ነው፤ በመንገድ ሲያገኝህ ከተቀመጠበት ይነሣልሃል፣ «አብሽር፣ ይለመዳል» ይልሃል፣ ቡና ከደረሰ ሳትጠጣ አይለቅህም። ያን ጨዋነት መወደድ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እንግዳ አድርገው ነው የያዙህ። በአራት ወርህም እንግዳ ነህ፣ እንዲህ ከቀጠልክ በአራት ዓመትህም እንግዳ ነህ።

እስቲ ስለ አገሩ ልንገርህ፤ ካርታውን ቢሮህ ግድግዳ ላይ ሰቅለኸው ይሆናል እንጂ አልረገጥከውምና። ይህ ደጋ በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ ቆርጠው ያስቀሩት ምድር ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ግንደ ወይን በሚወስደው መንገድ የወረደ ያውቀዋል፤ ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ብርድ ተነሥቶ ማሽላ ከሚበቅልበት ሐሩር ለመድረስ ቀን አይፈጅም። ከገደሉ አፍ ያሉት ቀበሌዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አናታቸው ደጋ፣ ወገባቸው ወይና ደጋ፣ እግራቸው ቆላ። ትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ነው። ከታች የሚነሡት ልጆች አቀበቱን ወጥተው ነው የሚደርሱት። ክረምቱ ሳይወጣ የሞላው ጅረት እስኪጎድል ዳር ላይ ይቆማሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እግራቸው ተሰነጣጥቆ ይመጣሉ። ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ከብቱን ፈትተው፣ ውኃ ቀድተው፣ አመድ ጠርገው ነው።

አንተ ከከተማ በሞተር ሳይክል ትመጣለህ። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ታዘጋለህ፤ ያረፈደውን በጠጠር ላይ ታንበረክካለህ። የተንበረከከው ልጅ ከቤቱ የወጣው አንተ ብርድ ልብስህን ገና ሳትገልጥ ነው። ሰልፉ ላይ ቆመህ ስለ ሰዓት ማክበር ስትናገር መምህራኑ መሬት መሬት ያያሉ፤ እነሱ ያውቃሉ። ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግህም ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ሲለቀቁ ተከትለሃቸው ቁልቁል መውረድ፣ የበረቱን ደጅ ማየት፣ ከዚያ ራስህ መልሰህ አቀበቱን መውጣት ይበቃህ ነበር። የቀረውን ጉልበትህ ይነግርህ ነበር።

አሁን ወደ ስብሰባህ ልምጣ። እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነውና። በኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የወላጆች ስብሰባ ጠራህ። ጥሪውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ በልጆች እጅ ላክህ። ኅዳር በደጋ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ይነግርህ ነበር፤ ገብሱ ደርሷል፤ አጨዳው፣ ክምሩ፣ ውቂያው ተደራርቧል፤ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ የዓመቱን እህል በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። በጠራኸው ቀን ጥቂት ሽማግሌዎች፣ ማሳቸውን ለእኩል የሰጡ ሁለት ሴቶችና የቀበሌው ሚሊሻ ተገኙ። አንተ ቃለ ጉባኤው ላይ «ወላጆች ለትምህርት ያላቸው ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ በተደጋጋሚ ጥሪ ቢደረግላቸውም አልተገኙም» ብለህ አስጻፍክ። ይህ ሐሰት ነው። አንብበው ሊያስተባብሉት በማይችሉ ሰዎች ላይ፣ አንብበው ሊያምኑት ለሚችሉ አለቆች የተጻፈ ሐሰት ነው። ማንበብ ለማስተማር የተሾመ ሰው፣ ማንበብ ያልቻለውን በጽሑፍ ሲያማ ከማየት የባሰ ነገር አላውቅም።

ሰዉ የሚያርፍበት ቀን ጠፍቶህ አይደለም። ክርስቲያኑ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ27 በመድኃኔዓለም፣ በ29 በበዓለ ወልድ ሞፈር አያነሣም፣ ማጭድ አይዝም። ከቅዳሴ ወጥቶ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቀመጣል። ሙስሊሙ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ደጅ ላይ ያወጋል። ዕድር አለ፣ ጽዋ አለ፣ ሰደቃ አለ፣ ዱዓ አለ። በወሎ ደግሞ የአንዱ ደስታ ለሌላው አይቀርበትም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት አገር ነው። እጁን ከሥራ ፈትቶ፣ ወሬ ፈልጎ የተቀመጠ ሕዝብ በየወሩ ደጋግመህ ታገኝ ነበር። ቄሱን ወይም ሼሁን «አባቴ፣ ሁለት ቃል ስለ ልጆቻችን ልናገር» ብትላቸው ማን ይከለክልሃል? እንዲያውም ያስተዋውቁሃል፣ ይመርቁሃል፤ በእነሱ አፍ የተጠራ ስብሰባ ሰው አያጣም። አንተ ግን እነዚህን ቀናት የምታውቃቸው «የተማሪ ቀሪ የሚበዛባቸው ዕለታት» ብለህ በሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን እንጂ ደጀ ሰላሙን አላየህም።

የተገኙትስ ምን ሰሙ? አጀንዳ አንድ፣ የዘንድሮ መዋጮ። አጀንዳ ሁለት፣ ያምናው መዋጮ ውዝፍ። ልዩ ልዩ። ስለ አንድ ልጅ ንባብ፣ ስለ አንዲት ልጅ መቅረት አንድ ቃል አልተነሣም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ወላጁን ወደ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሲያስገባ ኪሱን ብቻ አልነበረም የፈለገው፤ አፉንም ጆሮውንም ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪ ቁጥር ልክ የመጣው የትምህርት ቤት ድጎማም ከወላጆች ጋር ታቅዶ፣ እነሱ እያወቁት እንዲወጣ ነው የታሰበው። አንተ ግን የኅብረቱን ሰብሳቢ የምታስጠራቸው ለፊርማ ነው። አዛውንቱ መነጽር የላቸውም። «እዚህ ጋ፣ አባባ» ትላቸዋለህ፤ ይፈርማሉ፤ ዱላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ምን እንደፈረሙ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «የመንግሥት ነገር ነው» ይላሉ።

ገንዘቡን አልነካህም እንበል፤ አምንሃለሁ። ያልነካኸውን ገንዘብ የነካኸው አስመስለህ ማስቀመጥህ ለምንድን ነው? ገቢና ወጪውን በሉክ ወረቀት ጽፈህ በሩ ላይ ብትለጥፍ፣ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሕዝብ መሀል ቆሞ ቢያነብለት ምን ይጎድልብሃል? ልጁ ለአባቱ ሲያነብ አባትየው የሚሰማውን ኩራት በየትኛው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ታመጣዋለህ? ያ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ዳስ ነበር። ድንጋዩን ከገደል ያወጡት፣ ባሕር ዛፉን የቆረጡት፣ ጭቃውን የረገጡት «ግንዛቤ የላቸውም» ያልካቸው ሰዎች ናቸው። ከአንተ በፊት ነበሩ፤ ዝውውርህ ሲመጣም እዚያው ናቸው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያለ መመሪያ ፈትተውት ነበር። የአብነት ተማሪ ቁራሹን የሚለምነው ከመንደሩ ነው። ስለዚህ የኔታ የትኛው ቤት እንደጠገበ፣ የትኛው እንደተራበ፣ የት ሕመም እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ በተማሪዎቻቸው አኩፋዳ ያውቁት ነበር። ደረሳውም እንዲሁ ነው። እንደ ገታና እንደ ዳና ወዳሉት የወሎ የዒልም ማዕከላት ኪታብ ፍለጋ የተሰደደውን ልጅ ያበላው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ሼሁ ደግሞ የገበሬውን ሐዘንና ደስታ እንደ ራሳቸው ይዘውት ይኖሩ ነበር። የኔታም ሼሁም የሚኖሩት በሕዝቡ እንጀራ ስለነበር ሕዝቡን ሳያውቁ መኖር አይችሉም ነበር። አንተ ትችላለህ። ደሞዝህ ከወረዳ ይመጣል፤ ሹመትህ ከወረዳ፣ ግምገማህ ከወረዳ፣ መነሣትህም ከወረዳ። ፊትህ ወደዚያው ዞሮ ቀረ። ለምን እንደዞረ ይገባኛል። ሆኖም የኔታ ሆዳቸው አስገድዷቸው ያደረጉትን አንተ ጠግበህ፣ በፈቃድህ ማድረግ ነበረብህ። መማርህ፣ በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መያዝህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

በዚሁ ምድር ስማቸው የማይጠፋውን አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን አስብ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተወልደው በ15ኛው ያረፉትን፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱትን ሊቅ። በልጅነታቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ዓመታት እንዳለፉ፣ መምህራቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ አባታቸው እንደመለሷቸው፣ አባትየው ግን እንደገና ወደ ገዳሙ እንደወሰዷቸው ይተረካል። የቀረውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሕዝቡ የሚወደው ከዚያ በኋላ የተደረገላቸውን ተአምር ነው። እኔን የሚይዘኝ አባትየው ናቸው። መምህሩ የጣሉትን ልጅ አባቱ አልጣሉትም። አንተ ሮስተርህ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አቋርጧል» ብለህ ከሰረዝካቸው ልጆች አባቶች መካከል እንዲህ ያለ አባት ስንት እንዳለ ልታውቅ የምትችለው ሄደህ ስታናግራቸው ነበር። የአንዱን ቤት በር ሳታንኳኳ ሰረዝካቸው።

ስለ ማቋረጥ ካነሣሁ፣ ጥር ላይ ነን። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ የሠርግ ወቅት ነው። ከስድስተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ሰኞ አልመጣችም። ስም ጠሪው «ቀሪ» ብሎ ጻፈ። ሳምንቱን ቀሪ፣ ወሩን ቀሪ፣ ከዚያ ያው ቀይ እስክሪብቶ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከልክሏል፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ቅጣቱን ደንግጓል። ይህን ታውቃለህ፤ የክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀለም አስጽፈኸዋል። ሕጉ ግን ጠላ ሲጠነሰስ አይሸተውም። የሚሸተው ለጎረቤት ነው። ሽማግሌ የተላከበትን ቤት፣ ጌሾ የተገዛበትን ቀን፣ ድስት የተዋሱትን ሰዎች መንደሩ ወር ሙሉ ቀድሞ ያውቃል። መንደሩም የሚያወራው ለሚያውቀው ሰው ነው። አንዲት አክስት ልቧ እየተጨነቀ «እንደው እርስዎ ቢያናግሩልኝ፣ ልጅቱ ገና ናት» ብላ ሹክ የምትለው ቤቷ ገብቶ ቡናዋን ለጠጣላት ሰው ነው። አንተ ዘንድ ማን ይመጣል? ቢሮህ ስንት በር እንዳለው እንኳ አታውቅም ያቺ አክስት። አንተም ስሟን አታውቅም። ልጅቱ በዚህ መካከል ተዳረች።

አንዳንዱ ደግሞ ሠርጉ ከተደገሰ በኋላ ፖሊስ አስከትሎ ይደርሳል። ድንኳን ያፈርሳል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ለወረዳ ይልካል። ከሳምንት በኋላ ልጅቱ በሌሊት ወደ ሌላ ቀበሌ ተወስዳ ትሰጣለች። ጊዜው ሲያልፍ የመጣ ሰው ወሬ እንጂ ልጅ አላተረፈም።

ወንዶቹም በሌላ በር ይወጣሉ። ሰባተኛ ክፍል ሳይጨርሱ ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ አጨዳ፣ ወንድ ሴት ሳይል ደግሞ በጅቡቲ አድርገው ወደ ዓረብ አገር። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከመካከላቸው ስንቱ የወሎ ልጅ እንደነበረ የወሎ እናቶች ይንገሩህ። እያንዳንዱ ከመውጣቱ በፊት ደላላ ቤቱን ተመላልሶበታል፣ ወይፈን ተሸጧል፣ ብድር ተወስዷል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካንተ ደወል ድምፅ በማይርቅ ቦታ ነው።

ምክንያቶችህን ሰምቻለሁ። የመምህራን መኖሪያ የለም፤ ደሞዙ የወሩን አጋማሽ አያልፍም፤ የሳምንት፣ የወር፣ የሩብ ዓመት ሪፖርቱ አያፈናፍንም፤ ሱፐርቫይዘሩ ከጉድኝት ማዕከሉ ሲመጣ የሚያየው ፋይል ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አላስተባብልም። ሆኖም ሪፖርቱን የምትሞላበትን ሰዓት ከየት አገኘኸው? የሌለህን ጊዜ ለወረዳ ፈጥረህ ለመንደሩ አጣኸው።

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት በክልሉ የተነሣው ጦርነት ነው፤ እሱን በቀላሉ አላልፈውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፤ መምህራን ሞተዋል፣ ታስረዋል፣ ታግተዋል። በዚህ ዘመን ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የታየ የመንግሥት ሠራተኛ አንዱ ወገን የሌላው ጆሮ ነው ይለዋል። ፍርሃትህን አልነቅፍም፤ ርቆ ተቀምጦ በሌላው ነፍስ መድፈር ነውር ነው። መንገዱ ካስፈራህ አትውረድ። ግን ለቅሶው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ነበር፤ ምን አስቀረህ? ቄሱና ሼሁ በየቀኑ በበርህ ያልፋሉ፤ ምን አስፈራህ? ደግሞም አስተውል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ለሐሜትና ለጥርጣሬ የተጋለጠው ማንም የማያውቀው ሰው ነው። የታጠቀ ሰው መጥቶ «ይህ ማነው?» ቢል፣ «እሱ የልጆቻችን ሰው ነው» ብሎ መሀል የሚገባልህ ያወቀህ ሽማግሌ ነው። ቆርቆሮው እንዳይነቀል፣ ወንበሩ ማገዶ እንዳይሆን የሚጠብቅልህም ዱላ የያዘ አንድ ዘበኛ ሳይሆን ያው መንደር ነው። ሕዝቡ የእኔ ነው ያላለውን ትምህርት ቤት በክፉ ቀን ማንም አይጠብቀውም።

መምህራንህንም ቢሆን የምታውቃቸው በፊርማ ወረቀቱ ነው። አሥራ አምስት ዓመት እዚያው ያስተማረች፣ ያስተማረቻቸውን ልጆች ልጆች የምታስተምር መምህርት አጠገብህ እያለች፣ ስለ ቀበሌው የምትጠይቀው የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ ነው። እሷ ዝም አለች። ብዙ ዳይሬክተር አይታለች፤ ይኸኛውም ያልፋል ብላለች። ክፍሎቹንስ? አንድ ቀን ሁለተኛ ክፍል ገብተህ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ፣ «እስቲ ይህችን መስመር አንብቢልኝ» ብለህ ታውቃለህ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ጮኸ፤ አንተም በሻይ ቤት ጮኸሃል። ያ ውድቀት 12ኛ ክፍል ላይ አልጀመረም። ፊደል ሳይለይ ወደ ሦስተኛ ክፍል የተሻገረ ልጅ ነው ያደገው። ያን ልጅ ዛሬ ታሻግረዋለህ፤ አሳላፊው አንተ ነህ።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ እናንተም እዚህ ላይ አታመልጡም። መንደሩን ማወቅ የጀመረውን ርዕሰ መምህር በዓመቱ አንሥታችሁ ሌላ ቦታ ትወስዱታላችሁ፤ ያላወቀውን ደግሞ ሪፖርቱ ስላማረ ታቆዩታላችሁ። ለድጋፍና ክትትል በመኪና መጥታችሁ ፋይል ገልጣችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። ከእናንተ መካከል አጥር ዘልሎ አንዲት እናትን «ዳይሬክተራችሁን ታውቂዋለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሕዝብ ሳይጠየቅ በሕዝብ ልጆች ላይ መወሰን ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የሚሻ የካቲት 1966ን ያስታውስ። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ተሰብስበው ያሰናዱት ነበር፤ መምህሩና ወላጁ ሳይማከሩበት ሊወጣ ሲል መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ወላጁም «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው» ብሎ ተነሣ። በውስጡ ጥሩ ሐሳብም ነበረበት፤ ማን ይስማው? ዕቅዱ ታጠፈ፤ ያቀደውም መንግሥት ዓመት ሳይሞላ ወደቀ።

ለእናንተም ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ፤ ሁሉን በእሱ ላይ ጥዬ ብሄድ አድልዎ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ፊት «ሁሉ ደኅና ነው፣ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን» ትላላችሁ፤ ዘወር ሲል ታሙታላችሁ። ፊት ለፊት የማይነገር ቅሬታ ልጃችሁን አያስነብበውም። የመዋጮ ስብሰባ ሲሆን መቅረት ታውቃላችሁ፤ ባልተጠራችሁበት ቀን ሄዳችሁ መጠየቅ ግን ነውር ይመስላችኋል። አይደለም። የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ሲሰጥ ባልም ሚስትም ሂዱ። ልጁን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ መጽሐፉን ዳይሬክተሩ ፊት አስገልጡና «እዚሁ ያንብብልን» በሉ። የገንዘቡን ነገር ጠይቁ፤ ሒሳቡ እስኪነበብ አትፈርሙ። ከዚያ ቤታችሁ የት እንደሆነ በጣታችሁ አሳዩትና በሚመጣው በዓል ጥሩት። ካልመጣ በቀጣዩ ጥሩት፤ አሁንም ካልመጣ ሽማግሌ ላኩበት። እመጣለሁ ካለ ግን በቅሎ እንዳትልኩለት፤ ቁልቁለቱን በእግሩ ይውረደው፣ አቀበቱንም ከልጆቹ ጋር ይውጣው።